የሥነ ልቦና ባለሙያ ለመንገድ ደኅንነት እንዴት ይሥራ? ለባለሙያዎችና ለትራንስፖርት ማኅበራት የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ የትራንስፖርት ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲጠራ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ለአሽከርካሪዎች የግማሽ ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንዲሰጥለት ነው። ባለሙያው ገለጻውን ያዘጋጃል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ ስለ ሰው ሕይወት ክቡርነት ይነገራል፣ ሻይ ይጠጣል፤ በማግስቱ ግን አሽከርካሪው ከሥልጠናው በፊት ይነዳ እንደነበረው ይነዳል። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ ጥሪ የሚደርሳቸው ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ባለሙያ ቀጥረው ምን እንደሚያሠሩት የሚያስቡ ኃላፊዎች ከአዳራሹ ወጥተው ወደ ዋናው ሥራ እንዲገቡ ለመርዳት ነው።

መነሻዬ አንድ ነው። ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት እንደሚገባ የማያውቅ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በአገራችን አደጋ በደረሰ ቁጥር «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ምክንያት ይጠቀሳል፤ በማወቅና በማድረግ መካከል ግን ድካም፣ የገቢ ግፊት፣ ልማድ፣ የባልደረቦች ዓይንና የመንገዱ ቅርጽ ጣልቃ ይገባሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚያስፈልገው እነዚህን ለመለየትና ለመለወጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከመቶ 92ቱ ሕይወታቸው ያለፈው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሰዎችን በመግደል ቀዳሚው ምክንያትም ይኸው ነው። ይህን የሚያህል ጉዳት በግማሽ ቀን ገለጻ ሊመለስ አይችልም።

ከማስተማርዎ በፊት ይቁጠሩ

የማኅበሩ ተሽከርካሪዎች ከሚመላለሱባቸው መስመሮች ላይ አደጋ የሚበዛበትን፣ ወይም ሾፌሮቹ ራሳቸው «እዚያ ጋ ያስቸግራል» የሚሉትን አንድ ዜብራ ይምረጡ። ሁለት ታዛቢዎች ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት፣ ቀን ከ6 እስከ 7 ሰዓት፣ ማታም ከ11 እስከ 12 ሰዓት በዚያ ይቁሙ፤ ይህንንም ቢያንስ ለሦስት የሥራ ቀናት ይድገሙት። የሚቆጥሩት ቀላል ነገር ነው፦ እግረኛ እግሩን ዜብራው ላይ ባሳረፈ ጊዜ ከደረሱት ተሽከርካሪዎች ውስጥ ስንቱ ቆመ፣ ስንቱ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ስንቱስ እንዳለ አለፈ። ሁለቱ ታዛቢዎች ሳይነጋገሩ ይመዝግቡ፤ በኋላ መዝገባቸውን ሲያስተያዩ በሰፊው ከተለያዩ «ቆመ» የሚለው ቃል በደንብ አልተተረጎመም ማለት ነውና ትርጉሙን አስተካክለው እንደገና ይጀምሩ። የሰሌዳ ቁጥር አይጻፉ፤ ከትራፊክ ፖሊስ አጠገብም አይቁሙ፤ ፖሊስ ባለበት የሚታየው ባህርይ ፖሊስ በሌለበት ከሚታየው የተለየ ነውና።

ፍጥነትን ለመለካት ውድ መሣሪያ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። በመንገዱ ዳር በትክክል 50 ሜትር የተራራቁ ሁለት ምልክቶች ያድርጉና ተሽከርካሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በስልክዎ ይያዙ። በ6 ሴኮንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ3.6 ሴኮንድ ከሆነ 50፣ በ2.4 ሴኮንድ ከሆነ ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የሚገድል ግጭት የመድረሱ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በመኪና ፊት ለፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድልም ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ 4.5 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ማስቀነስ ትንሽ ውጤት አይደለም።

ይህን ቁጥር ሳይዙ ወደ ሌላ ሥራ እንዳይሻገሩ አጥብቄ እመክራለሁ። መነሻው ካልታወቀ ከስድስት ወር በኋላ የተለወጠ ነገር ይኑር አይኑር ማንም ሊናገር አይችልም።

ጥሰትን ከስህተት ይለዩ

እ.ኤ.አ. በ1990 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ሪዝንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የአሽከርካሪ ባህርይ መጠይቅ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ያገለግላል። ዋና ቁም ነገሩ በአሽከርካሪ የሚፈጸሙ ጥፋቶች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። ከመብራት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ለመነሣት መሞከር መዘንጋት ነው፤ ወደ ሌላ መንገድ ሲታጠፉ የሚሻገሩ እግረኞችን ሳያስተውሉ መቅረት ስህተት ነው፤ ኩርባ ላይ ከፊት የሚመጣ ሊኖር እንደሚችል እያወቁ ደርቦ መቅደም ግን ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥሰት ነው። በመጠይቁ ላይ ተመሥርተው በብሪታንያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከግጭት ጋር አብሮ የሚሄደው በተለይ ጥሰቱ እንጂ መዘንጋቱ አይደለም። መፍትሔያቸውም ይለያያል፤ ስህተትን ልምምድና የተስተካከለ መንገድ ይቀንሱታል፤ ጥሰትን ግን ክህሎት በመጨመር መቀነስ አይቻልም፤ ጥሰት የፍላጎት፣ የጥቅምና የልማድ ጉዳይ ነውና።

መጠይቁን ቃል በቃል ተርጉመው አይጠቀሙበት። ለአገራችን መንገድ የሚስማሙ ጥያቄዎችን ይጨምሩበት፦ ተሳፋሪ ለመጫን በድንገት ወደ ቀኝ ጥግ ስለመያዝ፣ ከፊት ካለው ታክሲ ጋር ለተሳፋሪ ስለ መሽቀዳደም፣ ትርፍ ስለ መጫን፣ በዳገትና በኩርባ ላይ ከባድ መኪናን ደርቦ ስለ ማለፍ። ስም እንዳይጻፍበት ያድርጉ፤ መልሱ ለማኅበሩ ሰብሳቢም ሆነ ለባለንብረቱ በግለሰብ ደረጃ እንደማይሰጥ በጽሑፍ ቃል ይግቡ፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። ሾፌሩ መልሱ እንጀራውን ሊያሳጣው እንደሚችል ከጠረጠረ የሚያገኙት ወረቀት «በጭራሽ» በሚል ምላሽ የተሞላ ብቻ ይሆናል።

ሾፌሩ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ይጠይቁ

ከሁሉም የበለጠ ፍሬ የሚገኘው በጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ከመዋል ነው። ከረዳቱ ጋር ይተዋወቁ፤ ሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጥዎ ከሆነ «ጋሼ» ብለው፣ በአንቱታ ይጠይቁ። ወጣት ምሩቅ መጥቶ ሃያ ዓመት ያሽከረከረን ሾፌር «ለምን ትፈጥናለህ?» ብሎ ሲጀምር ንግግሩ እዚያው ያበቃል። ይልቁንስ ቀኑን ከመነሻው እንዲተርኩልዎ ያድርጉ፦ ከእንቅልፍ ስንት ሰዓት ተነሡ፣ የመጀመሪያውን ዙር መቼ ጫኑ፣ ምሳ የት ተበላ፣ ለባለንብረቱ የሚገባው ገቢ የሚሞላው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይገልጣል። ሾፌሩ በቀን የተወሰነ ገቢ ለባለንብረቱ አስገብቶ፣ ነዳጁን ቀንሶ፣ የተረፈውን ከረዳቱ ጋር የሚካፈል ከሆነ፣ ገቢው ባልሞላበት ቀን የሚታየው ፍጥነት የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን የሒሳብ ውጤት ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሾፌሩን ብቻ መምከር ፍትሕ የጎደለው ይመስለኛል። ያገኙትን ይዘው ከባለንብረቶቹ ጋር ይቀመጡ፤ ዕለታዊው ገቢ በሳምንት ተሰልቶ እንዲከፈል፣ ወይም ከፊሉ ቋሚ ደመወዝ እንዲሆን፣ ለጥቂት ተሽከርካሪዎች በሙከራ ደረጃ እንዲጀመር ይጠይቁ። ጫት የሚጭኑ መኪኖች ለምን እንደሚከንፉም በዚሁ መንገድ ይታያል፤ ከአወዳይ የተነሣ ቅጠል ሲጠወልግ ዋጋው ይወድቃል፤ እያንዳንዱ የዘገየ ሰዓት ከነጋዴው ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነውና ግፊቱ በቀጥታ መሪው ላይ ያርፋል።

በጅቡቲ መስመር ለሚሠሩ የከባድ መኪና ሾፌሮች ደግሞ ዋናው ጠላት እንቅልፍ ነው። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የምላሽ ፍጥነቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል በሙከራ ታይቷል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ሲጭን የዋለ ሾፌር ማታ 3 ሰዓት ላይ ሚሌን አልፎ ወደ ጋላፊ ሲያቀና፣ አንድ ጠብታ አልኮል ሳይቀምስ እዚያ ደረጃ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ከፍ ማድረግ እንቅልፍን ለአጭር ጊዜ እንጂ ለረጅም ጊዜ እንደማይመልሱ ያስረዱ። የሚሻለው ዘዴ ለእኛ ሩቅ አይደለም፦ ተሽከርካሪውን ደኅና ቦታ አቁሞ ቡና መጠጣት፣ ወዲያውም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሸለብ። ቡናው እስኪሠራ ይህን ያህል ጊዜ ስለሚወስድ ሾፌሩ ሲነቃ የቡናውና የእንቅልፉ ጥቅም ተደምሮ ያገኘዋል። ይህ ግን ሙሉ እንቅልፍን አይተካም። ምርቃናን በተመለከተ በግልጽ፣ ያለ ነቀፋ ይነጋገሩ። ጫት የድካምን ስሜት ይሸፍናል እንጂ ድካሙን አያስቀርም፤ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው መዛል ሾፌሩን የሚያገኘው መንገድ ላይ ነው።

ሥልጠና መስጠት ግድ ከሆነ

ሥልጠናውን በንግግር አይክፈቱ። ለእያንዳንዱ ትንሽ ወረቀት ይስጡና ስሙን ሳይጽፍ፣ በዚህ ክፍል ካሉት ሾፌሮች ጋር ሲወዳደር ችሎታው ከመካከለኛው በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን እንዲመልስ ያድርጉ፤ ወረቀቶቹንም እዚያው ፊታቸው ይቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ተመሳሳይ ጥያቄ ባቀረበ ጊዜ፣ ከአሜሪካውያኑ መላሾች 93 በመቶው፣ ከስዊድናውያኑም 69 በመቶው በችሎታ ራሳቸውን ከመካከለኛው በላይ አድርገው ነበር። ሁሉም ከመካከለኛው በላይ ሊሆን እንደማይችል ሾፌሮቹ ከራሳቸው ወረቀት ላይ ሲያዩት፣ ከእርስዎ አንደበት ከሚሰሙት ይልቅ ያምኑታል። ስለ ከመጠን ያለፈ መተማመን የሚደረገው ውይይት ከዚህ ይጀምር።

መተማመንን የሚጨምር ሥልጠና ሊጎዳ እንደሚችልም ይወቁ። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አዲስ አሽከርካሪዎች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የመንዳት ትምህርት በግዴታ ወስደው ነበር፤ ውጤቱ ሲመረመር ግን በወጣት ወንዶች ዘንድ አደጋው ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ ተገኘ። መኪናውን መቆጣጠር እንደሚችሉ ስላመኑ ቀድሞ ይጠነቀቁበት በነበረው ቦታ ጥንቃቄያቸውን ቀነሱ።

በሥልጠናው ማብቂያ «ከዛሬ ጀምሮ እጠነቀቃለሁ» የሚል ቃል ኪዳን ማስገባት ብዙም አይረዳም። እያንዳንዱ ሾፌር ሁኔታንና ድርጊትን የሚያያይዝ አንድ ዓረፍተ ነገር በራሱ እጅ ይጻፍ፦ «ስልኬ ሲጠራ፣ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ እስክቆም አላነሣም»፤ ወይም «የትምህርት ቤቱን አጥር ሳይ፣ እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሣለሁ»። ድርጊቱ መቼና የት እንደሚፈጸም አስቀድሞ የተወሰነለት ዕቅድ ከጥቅል መልካም ሐሳብ ይልቅ ወደ ተግባር እንደሚለወጥ ፍጥነትን በተመለከተ በተደረጉ ሙከራዎች ጭምር ታይቷል።

የተጨፈለቁ መኪናዎችንና የቆሰሉ ሰዎችን ምስል የማሳየት ልማድ ቢቀር እመርጣለሁ። ፍርሃት ብቻውን ሰውን ይዘጋዋል፤ ተመልካቹ ምን ማድረግ እንደሚችል ካልተነገረውና ማድረግ እንደሚችል ካላመነ፣ «እኔ እንደ እሱ አይደለሁም» ብሎ ምስሉን ከራሱ ያርቀዋል። ከዚህም ጋር «ቀኑ ደርሶ ነው» ከሚለው እምነት ጋር አይጣሉ። ይህ አባባል ለሐዘንተኛ መጽናኛ ነው፤ ባለሙያ ሊነጥቀው አይገባም። ነገር ግን ብዙ ሾፌር ጠዋት ሞተር ሲያስነሣ ማማተቡን ወይም ቢስሚላህ ማለቱን መነሻ አድርጎ፣ ጸሎቱን ተከትሎ ቀበቶ ማሰርን፣ ፍሬንና ጎማ ማየትን አብሮ ልማድ እንዲያደርግ መርዳት ይቻላል። የሃይማኖት አባቶች በዚህ ሥራ ቢጋበዙ የሚናገሩት ከባለሙያው ይልቅ ይሰማል።

ለተሳፋሪው ድምፅ ይስጡት

በሾፌሩ ላይ ከሚሠራው ሁሉ ርካሹና ምናልባትም ብርቱው ሥራ በተሳፋሪው በኩል የሚሠራው ነው። በጎረቤታችን ኬንያ ጄምስ ሀቢያሪማናና ዊሊያም ጃክ የተባሉ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ማታቱ ከሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባሶች መካከል በዕጣ በተመረጡት ውስጥ ተሳፋሪዎች በግድየለሽነት የሚነዳን ሾፌር እንዲናገሩት የሚያበረታቱ ተለጣፊ ጽሑፎችን አስለጥፈው ነበር። ተለጣፊውን ሳያነሡ ለቆዩ ሾፌሮችም የሽልማት ዕጣ ይወጣላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ሰፊ ጥናታቸው፣ ጽሑፉ በተለጠፈባቸው ተሽከርካሪዎች ላይ የቀረበው የመድን ካሳ ጥያቄ ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሷል።

ይህ ለምን እንደሠራ ማወቅ ለእኛ ይጠቅማል። በአንድ ሚኒባስ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው እየፈራ ዝም ሊል ይችላል፤ እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ አይቶ «የምፈራው እኔ ብቻ ነኝ» ይላል። ጽሑፉ የሚያደርገው መናገር የተፈቀደ መሆኑን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማሳወቅ ነው። የእኛ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ብሎ ድምፁን ማሰማት የለመደ ነው፤ ታክሲዎቻችንም ጥቅስ መለጠፍ የቆየ ልማዳቸው ነው። እንግዲህ በተሳፋሪው ዓይን ትይዩ «ፍጥነቱ ካስፈራዎ «ሾፌር፣ ቀስ!» ይበሉ፤ አብረውዎ ያሉትም ፈርተዋል» የሚል ጽሑፍ ለመለጠፍ የሚያስፈልገው የሾፌሩና የባለንብረቱ ፈቃድ ብቻ ነው። ጽሑፉ ሾፌሩን የሚያዋርድ እንዳይሆን ከሾፌሮቹ ጋር ያርቅቁት፤ በግማሾቹ ተሽከርካሪዎች ላይ በዕጣ ይለጥፉና ከቀሪዎቹ ጋር ያወዳድሩ።

እግረኛውንና ልጁን በተመለከተ

የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ሲሠራ መሻገሪያ ድልድዮች ተደርገውለታል፤ ሆኖም አጥሩን ዘለው የሚያቋርጡ ሰዎች አልጠፉም። ይህን «ግዴለሽነት» ብሎ መሰየም ቀላል ነው። ባለሙያው ግን ሸክም ከያዘች እናት ጋር አብሮ ይሂድ፤ በድልድዩ ለመሻገር የሚወስደውን ጊዜና የሚወጣውን ደረጃ ይቁጠር፤ ከዚያም በቀጥታ ለመሻገር ከሚወስደው ጋር ያስተያየው። ሰው በየቀኑ በሚያደርገው ነገር ድካሙን ይመዝናል፤ አደጋው ደግሞ ትናንት ስላልደረሰ ሩቅ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው መዝገብ ለመንገድ መሐንዲሶች ከማንኛውም ምክር ይልቅ ይጠቅማቸዋል። መንገዱ ራሱ ለሾፌሩ የሚናገረውም ነገር አለ፤ ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት «ፍጠን» እያለው፣ በዳር የቆመ ትንሽ ምልክት «30» ቢለው የሚሰማው አስፋልቱን ነው። ስለዚህ ከመሐንዲሶቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ።

ልጆች ወደ አሥር ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው የሚመጣን መኪና ፍጥነትና ርቀት አዋቂ እንደሚገምተው መገመት ይከብዳቸዋል፤ ኳስ ሲያዩም ሌላውን ሁሉ ይረሳሉ። በክፍል ውስጥ በሥዕል ማስተማር በቂ አይሆንም፤ ጥቂት ልጆችን ይዞ እውነተኛው መንገድ ዳር፣ በአዋቂ ጥበቃ፣ ደጋግሞ ማለማመድ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በትምህርት ቤቱ በር ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራ ይጠይቁ፤ የስድስት ዓመት ልጅ የራሱን ደኅንነት እንዲሸከም ማድረግ አይገባም።

ስለ ሥነ ልቦና ፈተና በአጭሩ

አንዳንድ ኃላፊዎች ባለሙያውን «መጥፎውን ሾፌር በፈተና ለይልን» ይሉታል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራ አላት፤ ለምሳሌ በደሙ ውስጥ 1.6 ፐርሚል (0.16 በመቶ) ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ይዞ ሲያሽከረክር የተገኘ ሰው ፈቃዱን ለማስመለስ ያንን ማለፍ ይኖርበታል። ይህ ግን ጥፋት የፈጸመን ሰው ወደ መሪው ለመመለስ የሚደረግ፣ በረጅም ጊዜ የተገነባ አሠራር ነው። በእኛ ሾፌሮች ላይ ያልተረጋገጠን ፈተና ተጠቅመው የማንንም እንጀራ አይዝጉ።

አደጋ ከደረሰ በኋላ

ሰው የገጨ ሾፌር፣ ከግጭት የተረፈ ተሳፋሪ፣ አስከሬን ያነሣ የትራፊክ ፖሊስ፣ ሁሉም ሊታዩ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ደኅንነት፣ ዕረፍት፣ የቤተሰብ መኖርና ትክክለኛ መረጃ ነው። የሆነውን ሁሉ ወዲያው እንዲተርኩ አያስገድዱ፤ በአንድ ቀን ስብሰባ ሰውን ሁሉን እንዲናገር ማድረግ ጉዳትን እንደማይከላከል ጥናቶች አሳይተዋል። ለመናገር የፈለገውን ያዳምጡ፤ ዝም ያለውን አብረው ይቀመጡት። ድንገተኛ ትዝታ፣ ቅዠት፣ መንገዱን መሸሽና መበርገግ ከአንድ ወር በላይ ከዘለቁ ግን ወደ ሕክምና ያድርሱ። ሾፌሩ ወደ መሪው ሲመለስ በአጭር መስመር፣ በቀን ብርሃን፣ ከሚያምነው ባልደረባ ጋር ይጀምር። የሟች ቤተሰብና የሾፌሩ ቤተሰብ በሽማግሌዎች የሚገናኙ ከሆነ፣ ባለሙያው የሽምግልናውን ቦታ ሳይወስድ ሁለቱንም ወገን ያዘጋጅ።

ወደ ዜብራው ይመለሱ

ሥራው በተጀመረ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር በዚያው ዜብራ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አቆጣጠር እንደገና ይቁጠሩ። ምንም ያልተሠራበትን ሌላ ተመሳሳይ ዜብራም አብረው ይቁጠሩ፤ የዝናቡ ወራት ወይም የትምህርት ቤት መዘጋት ያመጣውን ለውጥ የሥራዎ ውጤት አድርገው እንዳይቆጥሩት ይረዳዎታል። ውጤቱን ለቢሮ ብቻ አያስረክቡ፤ ከመቶ ስንቱ እንደቆመ በትልልቅ ቁጥር ጽፈው ሾፌሮቹ ተራ በሚጠብቁበት ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ቁጥሩ ካልተለወጠም እንዳለ ይለጥፉትና ለምን ይመስላችኋል ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም ይጻፉ፤ የሚቀጥለው ስድስት ወር ሥራ የሚነሣው ከዚያ ነው።